«ኤሊየን ተቀረጸ» ሲባል፦ ሰነዱ የታለ?



ባለፈው ሴሚስተር የማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። ጥቁርና ነጭ ነው። ሆዱ ያበጠ፣ ጭንቅላቱ ከልክ በላይ የተለቀ፣ ዐይኖቹ የጠቆሩ፣ ስድስት ስድስት ጣት ያለው ፍጡር ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ከራስ እስከ እግራቸው በነጭ ልብስ የተሸፈኑ ሰዎች ሆዱን በቢላ ይከፍታሉ። ከሥሩ «አሜሪካ የደበቀችው ኤሊየን! ቁርኣን ከ1400 ዓመት በፊት ተናግሮታል!» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ የሱረቱ ሹራ 29ኛ አንቀጽም አብሮ ተያይዟል።

እስከ ፈጅር ድረስ ግሩፑ አልተኛም። «ሱብሓነላህ!» ያለ አለ። «ኤሊየን ምናምን የለም፣ ይሄ ጂን ነው» ያለ አለ። «ፌክ ነው ባካችሁ» ብሎ የሳቀም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች መካከልም ምንም ሳያጣራ ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ያደረገ ነበረ። በማግስቱ ግን አንዲት የመጀመሪያ ዓመት እህታችን በትሕትና አንድ ጥያቄ ላከችልን፦ «ቪዲዮው ውሸት ነው እያሉኝ ነው፤ የዶርም ጓደኞቼም እየሳቁብኝ ነው። ቪዲዮው ውሸት ከሆነ አንቀጹስ?»

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚህች ጥያቄ ሲባል ነው። ስለ ኤሊየን ቪዲዮ መከራከር የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የአላህን ቃል በማናውቀው ሰው ፊልም ላይ ስናንጠለጥል፣ ፊልሙ ሲወድቅ የአንዲት እህታችን ልብ አብሮ ሊናወጥ እንደሚችል አይተናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ ከየት መጣ?

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሮዝዌል ከምትባል ከተማ ነው። በ1947 አንድ ከብት አርቢ በግጦሽ መሬት ላይ የተበታተነ ስብርባሪ አገኘ። ጁላይ 8 በአካባቢው ያለው የጦር አየር ማረፊያ «የሚበር ዲስክ» መገኘቱን የሚገልጽ መግለጫ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ መግለጫው ተሽሮ «የአየር ጠባይ መመልከቻ ፊኛ ነው» ተባለ። ጉዳዩ ለዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ፣ «መንግሥት የወደቀ የኤሊየን መንኮራኩርና አስከሬን ደብቋል» የሚለው ወሬ ተነሣና ዓለምን አዳረሰ።

የአሜሪካ አየር ኃይል በ1994 ባወጣው ሪፖርት፣ ስብርባሪው ሞጉል ከተባለ ምስጢራዊ ፕሮጀክት የመጣ እንደሆነ ገለጸ። ፕሮጀክቱ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ የተሸከሙ ፊኛዎችን ወደ ላይ በመላክ የሶቪየት ኅብረትን የኒውክሌር ሙከራ ከሩቅ ለመስማት የታቀደ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መንግሥት በእርግጥ የደበቀው ነገር ነበረ። ነገር ግን «አንድ ነገር ደብቀዋል» ከሚለው ተነሥቶ «ስለዚህ የደበቁት ኤሊየን ነው» ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ብዙ ወሬ የሚያድገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

በ1995 ሬይ ሳንቲሊ የተባለ የለንደን የሙዚቃና የቪዲዮ ነጋዴ ብቅ አለ። እንደ እሱ አባባል፣ የኤልቪስ ፕሪስሊን የቆየ ፊልም ፍለጋ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሳለ ከአንድ ጡረታ የወጣ የጦር ኃይል ካሜራ ማን ጋር ተገናኘ፤ ያ ሰውም በ1947 ራሱ የቀረጸውን የኤሊየን አስከሬን ምርመራ ሸጠለት። ፊልሙ ሜይ 5 ቀን 1995 በለንደን ሙዚየም ለተጋበዙ ሰዎች ታየ። ኦገስት 28 ደግሞ ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «እውነት ወይስ ልብ ወለድ?» በሚል መንፈስ አቀረበው። የ17 ደቂቃው ፊልም ከ30 በላይ በሆኑ አገሮች ተሠራጨ። በግሩፓችን የተለቀቀው ቪዲዮ የዚሁ ፊልም ቁራጭ ነው።

ክርክሩ እንዴት ነበር?

ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት በሁለት የሚጠቃለል ነበር። አንደኛው «ይህን ያህል ሥጋ የሚመስል አካል በላቲክስ ሊሠራ አይችልም» የሚል ነው። ሁለተኛው የፊልሙ ጠርዝ ላይ የሚገኘው የኮዳክ ኩባንያ ምልክት ነው። ኮዳክ ፊልም ሲያመርት ጠርዙ ላይ የተመረተበትን ዓመት የሚጠቁሙ እንደ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ያሉ ትንንሽ ቅርጾች ያትማል። ለምርመራ የቀረበው ቁራጭ ላይ ያለው ምልክት ለ1947 የሚሆን ነበር።

ይህ ጠንካራ ማስረጃ ይመስላል። ግን ኮዳክ ምልክቶቹን በየ20 ዓመቱ መልሶ ይጠቀምባቸዋል፤ ስለዚህ ያው ቅርጽ 1927ንም፣ 1947ንም፣ 1967ንም ሊያመለክት ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የቀረበው ቁራጭ ፍጡሩ የማይታይበት መሆኑ ነው። ኮዳክ ፍጡሩ ያለበትን ቁራጭ አምጡልኝና ልመርምር ቢልም የሚያመጣለት አልተገኘም። ከማንኛውም አሮጌ ፊልም ጫፍ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ማቅረብ ቀላል ነው። ያ ቁራጭ የቆየ ሆነ ማለት ሌላው ፊልም የቆየ ነው ማለት አይደለም።

ተቃዋሚዎቹም የየራሳቸውን ተናገሩ። የአስከሬን ምርመራ የሚሠሩ ሐኪሞች «መርማሪዎቹ መቀስ አያያዛቸው የሐኪም አይደለም» አሉ። በጦር ኃይል ውስጥ ካሜራ ማን የነበሩ ሰዎች ደግሞ «እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በባለ ቀለም ፊልም፣ በማይነቃነቅ ካሜራ ይቀረጽ ነበር» አሉ። በእርግጥም ካሜራው ወደ ሆድ ዕቃው በተጠጋ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፤ በጣም ማየት በምንፈልግበት ሰዓት ምንም አይታይም።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል ግን የተሳሳቱም ነበሩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አይተው «እንዲህ ያለ የተጠመዘዘ ገመድ በ1947 አልነበረም» ብለው ደመደሙ። ሲጣራ ግን እንዲህ ያለ ገመድ በዚያን ዘመን ይገኝ ነበር። ይህን የምናነሣው ለፍትሕ ስንል ነው። የውሸት ፊልምን በውሸት ምክንያት ማፍረስ እውነትን መርዳት አይደለም። «ፌክ ነው» ብሎ የሳቀው ወንድማችንም ቢሆን ምክንያቱን አልነገረንም። መልሱ ትክክል ነበር፤ ወደ መልሱ የደረሰበት መንገድ ግን ካመኑት ሰዎች መንገድ የተለየ አልነበረም።

የተደበቀው ሲወጣ

ፊልሙ ከታየ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2006፣ ሳንቲሊ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርቦ ፊልሙ የ1947 እንዳልሆነ አመነ። ፍጡሩን የሠራው ጆን ሃምፍሪስ የተባለ ቀራፂ ነው። ቦታው ለንደን፣ ካምደን በሚባል ሠፈር የሚገኝ ባዶ አፓርትመንት ሳሎን ነበር። ሃምፍሪስ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት አሻንጉሊቶች ሠራ፤ ውስጣቸውን በማርማላታ በተለወሰ የበግ አንጎል፣ በዶሮ ሆድ ዕቃና ከስሚዝፊልድ የሥጋ ገበያ በተገዛ የመገጣጠሚያ አጥንት ሞላው። በፊልሙ ላይ ዋናው መርማሪ ሐኪም ሆኖ የተወነውም ራሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ አሻንጉሊቶቹን ቆራርጠው በለንደን የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ በታትነው ጣሉ።

በጣም የሚያስገርመው የካሜራ ማኑ ጉዳይ ነው። ሰዎች «የቀረጸው ሰው የታለ?» እያሉ ሲያስጨንቋቸው፣ ሳንቲሊና ሸሪኩ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው ፈልገው አንድ ሞቴል ውስጥ «እኔ ነኝ የቀረጽኩት» እንዲል አድርገው ቀረጹት። ምስክሩም እንደ አስከሬኑ የተሠራ ነበር ማለት ነው።

ሳንቲሊ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። «እውነተኛውን ፊልም በ1992 አይቼዋለሁ፤ በእጄ ሲገባ ግን በሙቀትና በእርጥበት ተበላሽቶ ነበር፤ እኛ ያደረግነው እሱን እንደገና ማደስ ነው፤ ጥቂት እውነተኛ ክፍሎችም ውስጡ አሉ» አለ። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አላሳየም። ዛሬም ድረስ በዚህች ቃል ተንጠልጥለው የሚያምኑ አሉ።

የሐዲስ ሊቃውንት ቢያዩት ምን ይሉ ነበር?

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እንግዳ አይደለንም። ዓሊሞቻችን «ይህ ወሬ ከማን መጣ? እሱስ ከማን ሰማ?» እያሉ ከ1000 ዓመት በላይ የሠሩበት ትልቅ የዕውቀት ዘርፍ አለን። እዚህ ላይ ሰነድ ስንል ወረቀት ማለታችን አይደለም፤ ወሬውን ከምንጩ እስከ እኛ ያደረሱት ሰዎች ሰንሰለት ማለታችን ነው። አንድ ሐዲስ ሶሒሕ እንዲባል አምስት መመዘኛዎች ተቀምጠዋል፦ ሰንሰለቱ የተያያዘ መሆን፣ ዘጋቢዎቹ ታማኝ መሆን፣ የሰሙትን በትክክል የሚይዙ መሆን፣ ዘገባው ከእነሱ የበለጠ አስተማማኝ የሆኑትን የማይቃረን መሆን፣ እንዲሁም ስውር እንከን የሌለበት መሆን ናቸው።

ሐዲስ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ነው፤ ከፊልም ጋር የሚስተካከል ክብር የለውም። መመዘኛው ያስተማረንን ጥንቃቄ ለመጠቀም ግን የሚከለክለን የለም። የሳንቲሊን ፊልም በዚህ እንመዝነው። ቀረጸ የተባለው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ በሐዲስ ሳይንስ አነጋገር «መጅሁል» ነው። ከ1947 እስከ 1995 ፊልሙ የት እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ሰንሰለቱ ተቆርጧል። ከካሜራ ማኑ ተቀበልኩ የሚለው ሰው ደግሞ በፊልሙ ሽያጭ የሚጠቀም ነጋዴ ነው። እንግዲህ ስለ ጣቶቹ ብዛት፣ ስለ ስልኩ ገመድና ስለ መቀሱ አያያዝ ከመከራከራችን በፊት ጉዳዩ እዚሁ ላይ ቆሞ ነበር። ዓለም 11 ዓመት ሙሉ ምስሉን እያጎላ ሲመረምር ኖረ፤ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ከማን ተቀበልከው?» የሚለው ነበር።

ስለ እምነት ቃሉም ዓሊሞቻችን ያስተማሩን አለ። አንድ ሰው «ይህን ሐዲስ እኔ ነኝ የፈበረክሁት» ካለ ሐዲሱን ለመጣል ይበቃል። ይሁንና ኢብኑ ደቂቅ አል-ዒድ የተባሉት ታላቅ ዓሊም እንዳስገነዘቡት፣ ሰውየው በኑዛዜውም ሊዋሽ ይችላል። ሳንቲሊን ተመልከቱ፤ ውሸቱን ሲናዘዝ እንኳ ሌላ ያልተረጋገጠ ነገር ቀላቅሎ ሸጠልን። ዘገባው ተጥሏል፤ ኑዛዜው ውስጥ ያለው «እውነተኛው ግን ነበር» የሚለውም የራሱን ማስረጃ እስኪያመጣ ድረስ ዋጋ የለውም።

ሰነዱ ደህና ሲሆንስ?

«እሺ፣ ያኛው ውሸት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያመነባቸው ቪዲዮዎችስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በዲሴምበር 2017 ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖች የተቀረጹ ቪዲዮዎች በጋዜጣ ይፋ ሆኑ። በጠቅላላው የሚታወቁት ሦስት ናቸው፤ አንዱ በ2004 በካሊፎርኒያ አቅራቢያ፣ ሁለቱ በ2015 በአሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ አካባቢ የተቀረጹ ናቸው። ኤፕሪል 27 ቀን 2020 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሦስቱንም ራሱ በይፋ ለቀቃቸው፤ በውስጣቸው የሚታየውም «ያልታወቀ» ተብሎ እንደተመዘገበ ገለጸ።

እዚህ ሰነዱ ደህና ነው። ማን ቀረጸ፣ በምን ቀረጸ፣ ማን ይዞት ቆየ የሚለው ይታወቃል። ቪዲዮዎቹ እውነተኛ ናቸው። ነገር ግን «ቪዲዮው እውነተኛ ነው» ማለትና «የተባለለትን ያሳያል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከሦስቱ አንዱን እንውሰድ፤ «ጎ ፋስት» ይባላል፣ ፈጥኖ ሂድ እንደ ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ከባሕሩ ወለል ጋር ተጠግታ እጅግ በሚያስደንቅ ፍጥነት ስትበር ትታያለች። ፓይለቶቹም ሲገረሙ ይሰማል። ግን በስክሪኑ ላይ ቁጥሮች አሉ፤ አውሮፕላኑ ያለበት ከፍታ፣ የካሜራው አቅጣጫ፣ እስከ ነገሩ ያለው ርቀት። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ትሪጎኖሜትሪ ይበቃል። ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት ሲያሰላው፣ ነገሩ ያለው ከባሕሩ አጠገብ ሳይሆን ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚነፍስ ነፋስ ያንን ያህል ይፈጥናል።

ታዲያ ለምን የሚበር መሰለ? በአውቶቡስ ወደ አገራችሁ ስትሄዱ በመስኮት የምታዩትን አስታውሱ። መንገድ ዳር ያለው የስልክ እንጨት ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የሩቁ ተራራ ግን የቆመ ይመስላል። እንጨቱ አልሮጠም፤ የሮጣችሁት እናንተ ናችሁ። ከላይ እየበረረ ወደ ታች ለሚያይ ካሜራም እንደዚሁ ነው። ነገሩ በአውሮፕላኑና በባሕሩ መካከል ስለሆነ፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ለነገሩ የተሰጠ ይመስላል። ዐይን አልዋሸም፤ ካሜራውም አልዋሸም፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው።

ሁለተኛው «ጊምባል» የሚባለው ነው፤ በአየር ላይ እየተሽከረከረ የሚሄድ ነገር ይታይበታል። አንዳንድ ተንታኞች «የምናየው የሩቅ ጀት ሞተር ሙቀት በኢንፍራሬድ ካሜራው ላይ የፈጠረው ነጸብራቅ ነው፤ የሚሽከረከረውም ካሜራው ነው» ይላሉ። ይህን የማይቀበሉ ፓይለቶችም አሉ፤ ክርክሩ አላበቃም። ይህም ምንም ችግር የለውም። «አልታወቀም» ማለት «አልታወቀም» ማለት ብቻ ነው። «ከሌላ ዓለም የመጣ ነው» ማለት ግን ማወቅን የሚጠይቅ አነጋገር ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለዚሁ ጉዳይ ያቋቋመው ቢሮ በማርች 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከምድር ውጭ የመጣ ቴክኖሎጂ ስለመኖሩ ምንም ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል።

ይህንንም ዓሊሞቻችን ያውቁታል። ስለ ሰባቱ ምድሮች በሚናገረው በሱረቱ ጠላቅ 12ኛ አንቀጽ ተፍሲር ላይ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተላለፈ አንድ ዘገባ አለ። በእያንዳንዱ ምድር ላይ እንደ አደም ያለ አደም፣ እንደ ኑሕ ያለ ኑሕ አለ የሚል ነው። ለዘመናችን የኤሊየን ወሬ ከዚህ የሚመች ነገር አይገኝም! ታዲያ ኢማም አል-በይሀቂ ምን አሉ? ሰንሰለቱ እስከ ኢብኑ ዐባስ ድረስ ሶሒሕ ነው፤ ዘገባው ግን እጅግ «ሻዝ» ነው፣ ማለትም ዘጋቢው ብቻውን የወጣበት፣ ሌላ የሚደግፈው የሌለ ነው አሉ። የሰንሰለቱ ጥራት ብቻውን አላጣደፋቸውም። እኛም የተረጋገጠ ቪዲዮ ሲያጋጥመን ይህንኑ ርጋታ ብንወርስ ምን ይጎድልብናል?

አንቀጹስ?

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። በሱረቱ ሹራ 29 አላህ (ሱ.ወ) ሰማያትንና ምድርን፣ በውስጣቸው የበተናቸውንም ተንቀሳቃሽ ፍጡራን ከታምራቶቹ መካከል ያወሳል፤ በሻ ጊዜ ሊሰበስባቸውም ቻይ መሆኑን ይናገራል። ሙፈሲሮች «በሰማያት ያሉት» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ተነጋግረዋል። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ሙጃሂድ «ሰዎችና መላእክት» ብለው እንደተረጎሙት በኢማም ጠበሪ ተፍሲር ተላልፏል። ሌሎች ደግሞ ቃሉ እኛ የማናውቃቸውን ፍጡራን ለማካተት ክፍት ነው ይላሉ። አላህ የዓለማት ሁሉ ጌታ ነው፤ የፈጠረውን ሁሉ ለእኛ የማሳወቅ ግዴታ የለበትም።

እንግዲህ፣ እህታችን፣ አንቀጹ ባለበት ነው። ቪዲዮው ከመሠራቱ ከ1,300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ እውነት ነበር፤ አሻንጉሊቱ ተቆራርጦ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣልም እውነት ነበር። ነገ በሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት ቢገኝ አንቀጹ አይጨምርም፤ ባይገኝም አይቀንስም። የወደቀው እኛ ከአንቀጹ አጠገብ ያስቀመጥነው ፊልም ብቻ ነው። ጥፋቱም የአስቀማጩ ነው።

«ይህ ጂን ነው» ያልነውም ከዚህ ጥፋት አናመልጥም። በጂን መኖር እናምናለን፤ ቁርኣን ነግሮናል። ነገር ግን በስክሪን ላይ የሚታይን አንድ ነገር ለይቶ «ይህ ጂን ነው» ማለት በገይብ ጉዳይ ያለ ዕውቀት መናገር ነው። በዚያ ሌሊት በእርግጠኝነት ጂን ያልነው ነገር የበግ አንጎልና የዶሮ ሆድ ዕቃ የተሞላ ላቲክስ ነበር። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል፣ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም እንደሚጠየቁ ተነግሮናል። መጋራት የምትለዋን ምልክት የነካች ጣትም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አትሆንም።

«ሐሳባችን ጥሩ ነበር፤ ለዳዕዋ ነው» ማለትም አያዋጣም። ጥንትም ሰዎችን ወደ ቁርኣን ለመመለስ ብለው ስለ ሱራዎች ትሩፋት ሐዲስ የፈበረኩ ሰዎች ነበሩ። ዓሊሞቻችን ውሸታቸውን በመልካም ሐሳባቸው ምክንያት አላለፉላቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አርአያነት አለን። ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም «ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው» አሉ። ሐዘን ላይ ያሉ አባት ናቸው፤ ወሬው ደግሞ እሳቸውን የሚያከብር፣ ብዙ ሰው የሚያሳምን ነበር። ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ በማንም ሞት ወይም ሕይወት ምክንያት እንደማይጋረዱ ለሕዝቡ ግልጽ አደረጉ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ኢስላም ሐሰተኛ ድጋፍ አይፈልግም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዚያች የሐዘን ቀን እንኳ አልተቀበሉትም።

ከመላካችን በፊት

ዛሬ ነገሩ ከ1995ም ብሷል። በዚያን ጊዜ የውሸት ፊልም ለመሥራት ቀራፂ፣ አፓርትመንትና ሦስት ሳምንት ያስፈልግ ነበር። አሁን በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አንድ ተማሪ ዶርሙ ውስጥ ተቀምጦ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። «ዐይኔ አይቶ ይለየዋል» የሚለው መተማመን በየቀኑ እየሳሳ ነው። ስለዚህ ምስሉን ከማጉላት ይልቅ ሰንሰለቱን መጠየቅ ይሻላል። ማን ቀረጸው? መቼና የት? ከእሱ እስከ እኔ በማን በማን በኩል መጣ? ያመጣው ሰው ከሥርጭቱ ምን ያገኛል? ሙሉው ቅጂ የታለ፣ ወይስ የተቆረጠ ነው? እነዚህ ሁሉ ተመልሰው እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ምስሉ የሚያሳየው ከሥሩ የተጻፈውን ነው ወይስ ሌላ ነገር? መልስ ከሌለን ዝም ማለት እንችላለን። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው፣ ያ ብቻውን ከውሸታም እንዲቆጠር እንደሚያበቃው በኢማም ሙስሊም የሶሒሕ መግቢያ ላይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተዘግቧል።

ይህን ሁሉ ያልነው ለኤሊየን ብለን ብቻ አይደለም። በሱረቱል ሁጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝነው፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት አንቀጹ የወረደው በኑ ሙስጠሊቅ የተባሉት ጎሣዎች ዘካ ከለከሉ የሚል ወሬ መጥቶ ጦር ሊዘምትባቸው በተቃረበ ጊዜ ነው፤ ሲጣራ ግን እንደተባለው አልነበረም። ስለ ኤሊየን ያልተጣራ ቪዲዮ ብንልክ ምናልባት የምናፍረው እኛ ብቻ ነን። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ብሔር፣ ስለ አንድ መስጂድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያልተጣራ ቪዲዮ ብንልክ ግን ደም ሊፈስ ይችላል። ሁለቱንም የምትልከው ያቺው ጣት ናት። በቀላሉ ነገር ያልለመደችውን ጥንቃቄ በከባዱ ቀን አታገኘውም።

በግሩፓችን ላይ የተለቀቀው ቪዲዮ ተነሥቷል፤ በቦታው አጭር ማስተካከያ ተለጥፏል። ፎርዋርድ ያደረገው የዝግጅት ክፍላችን አባልም ወደ ላከበት ግሩፕ ተመልሶ «አጥፍቻለሁ፣ ሳላጣራ ነው የላክሁት» ብሎ ጽፏል። ለእህታችንም እንዲህ ብለናል፦ የዶርም ጓደኞችሽ ቢስቁብሽ፣ አብረሽ ሳቂ፤ ፊልሙ ያስቃል። አንቀጹን ግን ረጋ ብለሽ ደግመሽ ቅሪው።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ አሳይቶን የምንከተለው፣ ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ አሳይቶን የምንርቀው ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።